ብልቃጥ ውስጥ የቆየ ትል

ባለፈው ክረምት ትል ገዛሁ። አዎ፣ ብር ከፍዬ። ጓሯችን ውስጥ ያለችው ሁለት እርምጃ የማትሞላ መሬት ላይ ጎመን ልተክል አስቤ፣ የወጥ ቤት ትራፊ ለትል ሲሰጥ ማዳበሪያ እንደሚሆን ቪዲዮ ላይ አይቼ፣ ከአንድ ሻጭ ግማሽ ባልዲ አፈር ከነትሉ ተረከብኩ። ሻጩ "ኢሴንያ ፌቲዳ ነው፣ ኦርጅናል" አለኝ፤ ስልክ የሚሸጥልኝ ነው የመሰለው። እናቴ ክዳኑን ከፍታ አየችና "አምስት ዓመት ኢንጂነሪንግ ያስተማርኩት ትል እንዲቀልብ ነው" ብላ መልሳ ከደነችው።

ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ግን ባዮሎጂ የምታጠና ጓደኛ አለችኝ። በስልክ ሳወራት ሳቀችና "ፌቲዳ መሆኑን በምን አወቀ?" አለችኝ።

"ምን ለውጥ አለው? የሙዝ ልጣጭ ከበላልኝ ይበቃኛል።"

"እሱማ ይበላል። እኔ የጠየቅኩህ በምን አወቀ ነው።"

እኔ የምሠራው ሶፍትዌር ነው። እኛ ሰፈር ይህ ጥያቄ ብዙም አይጠየቅም። አንድ ነገር ሰንጠረዡ ውስጥ ስም ካለው አለ፤ ስሙን ማን፣ በምን ማስረጃ እንደሰጠው ማጣራት የሌላ ሰው ሥራ ነው። ለዓመታት እንዲህ እያልኩ ነው የሠራሁት። ይህ ልማዴ ሌሎች ሰዎችን ዋጋ እንዳስከፈለ የገባኝ በትል በኩል ስለሆነ፣ መጀመሪያ ስለ ትሉ ታገሡኝ።

አማርኛችን ትል ላይ ቸልተኛ ነው። ጎመን ቅጠል ላይ የሚገኘውም፣ የበሰበሰ ሥጋ ላይ የሚርመሰመሰውም፣ አፈር ስንቆፍር የሚወጣው ረጅሙም ሁሉም ትል ነው። የመጀመሪያው ግን ሲያድግ ቢራቢሮ ወይም የእሳት እራት ይሆናል፣ ሁለተኛው ዝንብ ይሆናል፣ የአፈሩ ትል ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ያው ትል ነው። የቅርብ ዘመዱ ማን መሰላችሁ? አልቅት። ያው አማርኛ ግን ያስቸገረውን ለይቶ ያውቃል፦ ወስፋት፣ ኮሶ፣ ተምች፣ አባጨጓሬ። ሆዳችንን የነካው፣ ማሳችንን የበላው፣ ቆዳችንን ያሳከከው የየራሱን ስም አግኝቷል። ከእግራችን ሥር ዝም ብሎ አፈር ሲያገላብጥ የሚኖረው "ትል" እንደተባለ ቀረ።

ቅዳሜ ከሰዓት አምስት ትል በአይስክሬም ዕቃ ይዤ እሷ የምትሠራበት ላቦራቶሪ ሄድኩ። የአፈር ትልን በአካሉ ለመለየት ዋናው ሥራ መቁጠር ነው። ሰውነቱ ከቀለበቶች የተሠራ ነው፤ ለአቅመ መራባት የደረሰ ትል ደግሞ ወደ ፊት ጠጋ ብሎ እንደ መቀነት ያበጠ ቦታ አለው። ያ መቀነት ከስንተኛው ቀለበት ተነሥቶ ስንተኛው ላይ እንደሚያልቅ መቁጠር ብዙ ይናገራል። ኢሴንያ የሚባሉት ላይ ከ26ኛው አካባቢ ጀምሮ እስከ 32ኛው ይደርሳል። የአውሮፓው ትልቁ ትል፣ ሉምብሪከስ ቴሬስትሪስ ላይ ከ32ኛው እስከ 37ኛው ነው። ፔሪዮኒክስ የሚባለው የእስያ ትል፣ እሱም ለማዳበሪያ የሚረባው፣ ከ13ኛው እስከ 17ኛው ታጥቋል።

"ቁጠር" አለችኝ። ቆጠርኩ። እንደገና ቆጠርኩ። ሁልጊዜ በአንድ እንሳሳታለን፤ እሷ 26 ስትል እኔ 25። ችግሩ ሲገኝ ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ከዜሮ ነው የጀመርኩት። ፕሮግራመር ከዜሮ ይቆጥራል፣ የትል ሊቃውንት አፉ ያለበትን ቀለበት አንድ ብለው ይነሣሉ። ሁለታችንም አንድ ትል እያየን፣ ሁለታችንም በትክክል ቆጥረን፣ ሁለት ቁጥር ይዘን ነበር።

ከመቀነቱ ሌላ የሚታይ ብዙ አለ። ከአፉ በላይ ያለችው ከንፈር መሰል ሥጋ የመጀመሪያውን ቀለበት ሙሉ በሙሉ ትቆርጠዋለች ወይስ ግማሽ መንገድ ትቀራለች? የወንድ ዘር የሚወጣበት ቀዳዳ ስንተኛው ላይ ነው? (በነገራችን ላይ እያንዳንዱ የአፈር ትል ወንድም ሴትም ነው። አማርኛ "ሄደ" ወይ "ሄደች" በል ብሎ ያስገድደኛል፤ እኔም "ሄደ" እያልኩ ነው፤ ትሉ ይቅር ይበለኝ።) ይህ ሁሉ ካልበቃ ጀርባውን ሰንጥቆ የውስጡን ማየት ነው፦ የዘር ከረጢቶቹ ስንት ናቸው፣ ስንተኛው ቀለበት ውስጥ ተቀምጠዋል።

ውጤታችን ይህ ነበር። ከአምስቱ ሁለቱ ገና መቀነት ያላወጡ ልጆች ናቸው፤ በአካል ከየት እንደሆኑ ማወቅ አይቻልም። ሦስቱ ትልልቆቹ ኢሴንያ ናቸው፣ እሱ አያጠራጥርም። ግን ኢሴንያ ውስጥ መንታ የሚመስሉ ሁለት አሉ። ፌቲዳ የሚባለው በቀለበቶቹ መካከል ቢጫ መስመር ያለው ዥንጉርጉር ነው፤ አንድሬይ የሚባለው ድፍን ቀይ ነው። የኔዎቹ ሁለቱ ድፍን ቀይ፣ አንዱ ሲለጠጥ ጭራው ላይ ደብዛዛ መስመር የሚታይበት። መቀነታቸው አንድ ቦታ ነው። ብትሰነጥቋቸውም ውስጣቸው አይነግራችሁም። "ኦርጅናል" የተባለው ዕቃ እንግዲህ ይህ ነው።

ይህ የኔ ባልዲ ችግር ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነው። ግን ኢሴንያ ፌቲዳ የፀረ ተባይ መድኃኒትና ሌላ ኬሚካል አፈር ውስጥ ሲገባ ምን ያህል እንደሚገድል የሚሞከርበት ትል ነው። የኦኢሲዲ የሙከራ መመሪያ ከ1984 ጀምሮ ይህን ስም ይጠራል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ2016 በታተመ ጥናት በተለያዩ አገሮች ያሉ የ28 ላቦራቶሪዎች ትሎች በዲኤንኤ ሲታዩ፣ ዕቃው ላይ የተለጠፈውና ውስጡ ያለው የማይገጣጠምባቸው ተገኙ። ለማሳ የሚፈቀድ መርዝ መጠን የሚወሰነው እንዲህ ባለ ሙከራ ነው፤ አንዱ የሞተበት መጠን ሌላውን ላይገድለው ይችላል።

አሁን ወደዚያች ቅዳሜ ልመለስ። ጓደኛዬ ሦስቱን ትልልቅ ትሎች ሳህን ላይ አድርጋ የቀጠነ አልኮል ልታፈስባቸው ስትል እጇን ያዝኩ።

"ቆይ ቆይ። ዲኤንኤ የሚባል ነገር የለም እንዴ? የጭራውን ጫፍ ቆርጠሽ ላኪና ትሉን መልሺው። ይተርፍ የለ?"

"ጫፉን ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል።" (ለሁለት ሲቆረጥ ሁለት ትል ይሆናል የሚባለው ግን ውሸት ነው፤ እኔም እስከዚያ ቀን አምን ነበር።) "እሺ ቆርጬ ላክሁ፣ ትሉን ለቀቅሁት። ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ሰው መጥቶ ተሳስተሻል ቢለኝ ምን አሳየዋለሁ?"

"የወጣውን ኮድ።"

"ኮዱ የዚያ ትል መሆኑን በምን ያውቃል? ቱቦ አቀያይሬ ቢሆንስ? በዚያን ጊዜ ማንም ያላሰበው ጥያቄ ቢመጣስ? ትሉ ከሌለ እኔ ያልኩት ብቻ ነው የሚቀረው።"

እኔ ገና አልተረታሁም ነበር። ሦስት ነፍስ ነው። ትንሽ ናት፣ ግን ወረንጦ ሲነካት ትሸሻለች፤ ያንን በዓይኔ አይቻለሁ። ለጎመን ያመጣሁት ትል ለስም ሲባል ሲሞት ማየት ደስ አይልም። "ገበሬ በአንድ ቀን ማረሻ ስንት ይገድላል" የሚለውን ክርክርም አልወደውም፤ ሌላው ስለገደለ እኔም ልግደል ማለት ነው። እሷ ግን ይህን አላነሣችም። ያነሣችው አንድ ፓሪስ ያለ ብልቃጥ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1758 ሉምብሪከስ ቴሬስትሪስ የሚለውን ስም አወጣ። በ1826 ፈረንሳዊው ሳቪኒ በአገሩ ያገኘውን ትልቅ ትል ለየት ያለ ነው ብሎ፣ ሄርኩለስ ከሚባለው የግሪክ ጀግና ስም ወስዶ፣ ኤንቴሪየን ሄርኩሌየም አለው። በኋላ የመጡ ሊቃውንት ሁለቱን አስተያዩ፣ ቆጠሩ፣ ሰነጠቁ፤ ልዩነት አላገኙም። የሳቪኒን ስም ተዉትና ሁለቱንም ቴሬስትሪስ አሏቸው። ትክክል ነበሩ፤ በነበራቸው መሣሪያ ልዩነት አልነበረም። ቴሬስትሪስም በዓለም ላይ ብዙ ከተጠኑት ትሎች አንዱ ሆነ። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ ተሰንጥቆ የሚሳለው፣ የበረዶ ዘመን ከአፈር ትል ባጸዳቸው የሰሜን አሜሪካ ደኖች ገብቶ የወደቀ ቅጠል የሚጨርሰው ወራሪ፣ ሁሉም በዚህ ስም ተጻፈ።

ከዚያ ባርኮድ መጣ። በ2003 ካናዳ ውስጥ በጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ፖል ሄበርትና ባልደረቦቹ አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ እንስሳትን ለመለየት ከአንድ ጂን ላይ አንድ ቁራጭ ማንበብ ይበቃል። ሲኦዋን የሚባለው የማይቶኮንድሪያ ጂን ነው፤ የሚነበበው ቁራጭ 658 ፊደል ያህል ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ብስኩት ላይ እንደሚታተመው ባርኮድ። ከትሉ ጫፍ የጤፍ ፍሬ የምታህል ሥጋ ይወሰዳል፣ ዲኤንኤው ይጣራል፣ ኮሮና ጊዜ ስሙን በለመድነው ፒሲአር ያ ቁራጭ ብቻ ይባዛል፣ ፊደሎቹ ይነበባሉ፣ ከተከማቸው ጋር ይመሳከራል። መቀነት ያላወጣ ልጅ ትልም፣ ግማሽ የቀረ ትልም፣ እንቁላሉም ይነበባል። ለኔ ቢጤ ይህ ሙዚቃ ነው፤ ሕይወት ወደ ስትሪንግ ተቀየረ፣ ስትሪንግ ከስትሪንግ ጋር ይወዳደራል፣ አለቀ።

ሳሙኤል ጄምስና ባልደረቦቹ ቴሬስትሪስ የሚባሉትን ትሎች በዚህ መንገድ አንብበው በ2010 ውጤቱን አሳተሙ። ፊደሎቹ ለሁለት ተከፈሉ፤ መሐላቸው ያለው ርቀት በዚያው ወገን ውስጥ በሚታወቁ በሌሎች ሁለት ዝርያዎች መካከል ካለው አያንስም። በአካል አንድ፣ በኮድ ሁለት። እሺ፣ ሁለት ናቸው። ታዲያ የትኛው ነው ቴሬስትሪስ የሚባለው? ይህን ኮምፒውተር ሊመልሰው አይችልም። ኮምፒውተሩ ሁለት ክምር አለ ብሎ ያቆማል፤ ስሙ የማን እንደሆነ አያውቅም። ስሙ የዚያ በዚያን ጊዜ የተሰየመው አካል ነው።

ያን ጊዜ የሳቪኒ ብልቃጥ ወጣ። ፓሪስ በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሳቪኒ ስም የሰጣቸው ትሎች ራሳቸው ነበሩ፤ ከ180 ዓመት በላይ ተቀምጠው። በሳቪኒ ዘመን ፎርማሊን ገና ሥራ ላይ አልዋለም፤ ፎርማሊን ዲኤንኤን ክፉኛ ስለሚያበላሽ ይህ ዕድል ነው። ከአሮጌው ሥጋ ሙሉው ባይሆንም የጂኑ ከፊል ተነበበ። አንደኛው ክምር ላይ ወደቀ። ሌላው ክምር የስዊድኑ ነው። ሳቪኒ የተረሳው ስም ትንሣኤ አገኘ፦ ሉምብሪከስ ሄርኩሌየስ። አጥኚዎቹም አንድ ከባድ ነገር ጻፉ፤ ከዚያ በፊት ቴሬስትሪስ ተብሎ የተሠራ ጥናት በአንዱ፣ በሌላው ወይም በሁለቱም ላይ የተሠራ ሊሆን ይችላል። አጥኚው ትሉን ካስቀመጠ ሄዶ ማየት ይቻላል። ከጣለው ግን ስሙን ይዞ ቀረ።

ሳቪኒ ዲኤንኤ ምን እንደሆነ አያውቅም። ያንን ትል አልኮል ውስጥ ሲያስገባ ለማን እንደሚያስቀምጠው አላወቀም። ያደረገው ነገር ቢኖር "እንዲህ ነው" ካለ በኋላ፣ እንዲህ ያለውን ነገር አለመጣል ነው።

ጓደኛዬ ይህን ስታወራኝ እኔ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ ነበር።

በዚያን ጊዜ የምሠራበት ቦታ ለአንድ የአፈር ዳሰሳ ሲስተም እንሠራ ነበር። መረጃ ሰብሳቢዎች ታብሌት ይዘው ገበሬ ዘንድ ይሄዳሉ። ከጥያቄዎቹ አንዱ "የመሬትዎ አፈር ምን ዓይነት ነው?" የሚል ነበር፤ መልሱ እንደተባለው ይጻፋል። ዋልካ። መረሬ። ቀይ ነው። አሸዋማ። ዝናብ ሲመጣ እግር ይይዛል። በጋ ላይ ይሰነጠቃል፣ ጥጃ ይውጣል። ከአባቴ የወረስኩት ነው፣ ምን ይወጣለታል። እንዲህ ያለ መልስ በግራፍ አይወጣም። አለቃዬ "ወደ አራት አምስት ምድብ አምጣው" አለኝ። አመጣሁት። ጥቁር፣ ቀይ፣ ቡኒ፣ አሸዋማ፣ ሌላ። ዋልካም መረሬም ጥቁር ገቡ። ከአባቴ የወረስኩት ያለው ሰውዬ "ሌላ" ገባ። ከዚያ ማንም ሳያዘኝ፣ ሰንጠረዡ እንዲጸዳ ብዬ፣ የመጀመሪያውን ዓምድ ድሮፕ አደረግኩት። አንድ መስመር ኮድ ነው። ግራፉ ሲታይ ተጨበጨበልኝ፤ እውነቴን ነው፣ ስብሰባ ላይ ተጨበጨበ።

ከወራት በኋላ አንድ በዕድሜ የገፉ የአፈር ባለሙያ ለምክር መጡ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ስክሪኑን ትንሽ አይተው "ጥቁር ካሉት ውስጥ ዋልካ ያሉት የትኞቹ ናቸው፣ መረሬ ያሉትስ?" አሉኝ።

"ሁለቱ አንድ አይደሉም ወይ ጋሼ?"

"ሊሆኑ ይችላሉ። ያንዱ አገር ዋልካ ያንዱ አገር መረሬ ይሆናል። አንድ ሰፈር ሁለቱንም ብሎ ከለየ ግን አንድ ነገር አይቷል ማለት ነው። ውሃ ይቋጥራል ያሉትንም ፈልግልኝ።"

ባክአፕ ፈለግኩ። የሚቀመጠው የአንድ ወር ብቻ ነበር። ወረቀት የለም፤ ወረቀት ማስቀረታችን ነበር ኩራታችን። ሰብሳቢዎቹ ኮንትራታቸው አልቆ ተበትነዋል። ለጋሼ ስነግራቸው አልተቆጡም። "እንግዲህ የኔ ልጅ፣ ሰዎቹ ያሉትን ጥለህ አንተ ያልከውን አስቀምጠሃላ" ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። ውሃ ማንጣፈፊያ ቦይ ለሚያስፈልገው መሬት ሊሰጥ የታሰበው ምክር በቀለም ተሰጠ። ጥቁር ለተባለ ሁሉ።

ምድብ መፍጠሬን ጥፋት ነው አልልም። ያለ ምድብ ማሰብ አይቻልም፤ ሊኒየስም የኔው ሥራ ነው የሠራው። ከሳቪኒ በኋላ ሁለቱን ትሎች አንድ ያሉት ሊቃውንትም ዋልካና መረሬን አንድ ካልኩት ከኔ አይሻሉም፤ ምናልባት እኔም እንደነሱ ያየሁትን ያህል ትክክል ነበርኩ። ልዩነታችን የነሱ ስሕተት ሊታረም መቻሉ ነው። የኔ ሊታረም ቀርቶ ስሕተት መሆን አለመሆኑ እንኳ ሊታወቅ አይችልም። እንዲህ ያለ ነገር ስሙ ምን እንደሆነ ብዙ አስቤአለሁ። ውሸት አይደለም። ግን ገበሬው የሰጠኝን ምስክርነት ወስጄ፣ በሱ ፈንታ ተናግሬ፣ እሱ የተናገረውን አጥፍቻለሁ። ትሉን ገድሎ ብልቃጡን የጣለ ሰው ማለት ነው።

አሁን ባርኮዱ ሁሉን ፈታ እንዳትሉኝ። እኔም ብዬ ነበር። በ2015 ፖላንድ ውስጥ የተጠና ሌላ ትል አለ፣ ሉምብሪከስ ሩቤለስ። በባርኮዱ ሲነበብ እጅግ የተራራቁ መስመሮች አንድ ቦታ ላይ አብረው ይኖራሉ፤ ያንን ብቻ ያየ "የተደበቁ ዝርያዎች" ብሎ ስም ለማውጣት ይቸኩላል። የቀረውን የዲኤንኤ ክፍል ሲያዩት ግን ትሎቹ እርስ በርስ ይጋባሉ፤ ድንበር የለም። ምክንያቱም ባርኮዱ የሚነበበው ከማይቶኮንድሪያ ነው፤ ማይቶኮንድሪያ ደግሞ የሚወረሰው እንቁላሉን ካወጣው ወገን ብቻ ነው። ባርኮዱ የእናትን፣ የእናትን እናት መስመር ብቻ ነው የሚቆጥረው። የኛ ስም አባትን፣ አያትን ብቻ እንደሚቆጥር ማለት ነው። ሙሉ ስሜን ስጽፍ እናቴ የትም የለችም፤ ያ የቀለበችኝ ሰው ሳትኖር ቀርታ ሳይሆን፣ ቆጠራው ስለማይጠይቃት ነው። (ሐሳባችሁ ከዚህ ወዴት ሊሮጥ እንደሚችል ይገባኛል። እዚህ አገር ስለ ዘር ቆጠራ ተናግሮ ዝም ማለት ከባድ ነው። እኔ ግን ዛሬ ከትሉ አልወጣም።)

ደግሞ ቁጥሩ አለ። ስንት ፊደል ሲለያይ ነው ሌላ ዝርያ የሚባለው? በወፎች ላይ ሁለት ዝርያ የሚያስብል ልዩነት በአፈር ትሎች ላይ በአንዱ ዝርያ ውስጥ ይገኛል። አንድ ትሬሾልድ ጽፎ ለሁሉም ማስኬድ አይሆንም። ፕሮግራመር የሆነ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ኮድ ውስጥ ማን እንዳስቀመጠው የማይታወቅ ቁጥር ይኖራል፣ ብትነኩት ሁሉ ይፈርሳል፣ ስለዚህ ማንም አይነካውም፣ ቆይቶም የተፈጥሮ ሕግ ይመስላል።

መቀነት መቁጠር አንድ ጥያቄ ይመልሳል፣ ባርኮድ ሌላ ጥያቄ ይመልሳል፣ "ማን ከማን ጋር ይወልዳል" ሦስተኛ ነው። ሦስቱ ሲስማሙ ደስ ይላል። ሳይስማሙ ሲቀሩ "እውነተኛው የቱ ነው?" ብሎ አንዱን ማንገሥ ይቀናናል፤ አዲሱን መሣሪያ ማንገሥ ደግሞ ለኛ ለቴክኖሎጂ ሰዎች ይብሳል። ጓደኛዬ ግን እንዲህ ባለ ጊዜ የምታደርገው ወደ ብልቃጡ መመለስ ነው። ሁሉም ጥያቄ እዚያ ተመልሶ የሚጠየቀው አንድ አካል አለ።

አንድ የሚሞግተኝ ሰው ግን አለ፤ ዳርዊን። ከመሞቱ በፊት ባለው ዓመት፣ በ1881፣ ያሳተመው የመጨረሻ መጽሐፉ ስለ አፈር ትል ነው። ትሎችን በሸክላ ማሰሮ አድርጎ የጥናት ክፍሉ ውስጥ አኖራቸው፤ ልጁ ባሱን የሚባለውን ትልቅ የትንፋሽ መሣሪያ ነፋላቸው፣ አልሰሙም። ማሰሮውን ፒያኖ ላይ ሲያስቀምጠውና ቁልፉ ሲመታ ግን ንዝረቱን አውቀው ጉድጓዳቸው ገቡ። ቅጠል ሲጎትቱ በቀጭኑ በኩል ይዘው እንደሚጎትቱ ቆጠረ። ለዚህ ሁሉ የትሉን መቀነት መሰንጠቅ አላስፈለገውም። ታዲያ ስም ምን ያደርጋል? ለብዙ ነገር ምንም። የኔም ባልዲ አልተሳሳተም፤ ልጣጩ ይበላል፣ ጎመኑ በቅሏል። ዳርዊን ያየውን እንዳየ፣ ስንት ቅጠል በየት በኩል እንደተጎተተ ሳይቀር ጽፎታል። ዛሬ የፈለገ ሰው ቁጥሩን አንሥቶ ሊከራከረው ይችላል። ድሮፕ አላደረገም።

ሦስቱ ትሎች ሞቱ። ተከራክሬ አልፈቀድኩም፤ እጇን ለቀቅኩ፣ እሷ አፈሰሰች። ቀስ ብሎ ነው የሚደረገው፣ እንዳይኮማተሩ፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተዘረጉ። ትክክል ነበር ወይ ብትሉኝ፣ ብልቃጡ ከተጠበቀ አዎ እላለሁ፤ ካልተጠበቀ አይደለም። እንዲህ ያለ መልስ እንደሚያናድድ አውቃለሁ፤ የዛሬው ሥራ ትክክል መሆን አለመሆኑ ነገ በሚደረገው ይንጠለጠላል እያልኩ ነው። ትሉ ግን ነገን አይጠብቅም፣ ዛሬ ነው የሞተው። ለዚህ መልስ የለኝም፤ ያለኝ ዕዳ ነው።

ከአምስቱም ትንሽ ትንሽ ሥጋ ተወስዶ ውጭ አገር ተላከ። ወራት ፈጀ። አራቱ፣ ልጆቹን ጨምሮ፣ አንድሬይ ወጡ። አንዱ አልተነበበም፤ የትኛው መሰላችሁ? ጭራው ላይ መስመር ያለበት። ጓደኛዬ ለሱ ለብቻው ብልቃጥ አዘጋጀች፤ መለያውን በእርሳስ ጻፈችና ከትሉ ጋር ውስጡ ከተተችው፣ እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ይለቃል። ቀኑ፣ ሰፈሩ፣ ከማን እንደተገዛ፣ ማን እንደቆጠረው። የዝርያው ቦታ ላይ "ኢሴንያ" ብላ ቀጥሎ ያለውን ባዶ ተወችው። ያንን ባዶ ቦታ ሳይ ቀናሁ። እኔ የምሠራቸው ቅጾች ላይ ባዶ መተው ክልክል ነው፤ ቀይ ኮከብ አደርግበታለሁ፣ ካልሞላችሁት አላሳልፋችሁም፣ እናንተም የሆነ ነገር መርጣችሁ ታልፋላችሁ።

ላቦራቶሪው መደርደሪያ ላይ ቦታ ስላልነበረ ብልቃጡ አሁን እኔ ጋ ነው፤ መጻሕፍቱ አጠገብ፣ ፀሐይ የማይደርስበት። እናቴ አቧራ ስታራግፍ ባየችው ቁጥር "ይኼን ነገር መቼ ነው የምትጥለው?" ትለኛለች። ባለፈው እሑድ አልኮሉ ወርዶ የትሉ ጀርባ ሊጋለጥ ደርሶ አገኘሁት። ወጥቼ ከፋርማሲ ገዛሁና ሞላሁበት።